የማይጎድሉት ጠርሙሶች

እትዬ መቀስ የሚለውን ስም ያወጡላት የፋብሪካው ልጆች ናቸው። የደንብ ልብስ በሚሰፋበት ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቅ ቆርጣለች። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አርባ ጊዜ ተደራርቦ ተነጥፎ፣ የወረቀት ንድፉ ከላይ ተዘርግቶ፣ እሷ የኤሌክትሪክ መቁረጫውን ይዛ ስትነሳ አጠገቧ የሚያወራ የለም። ምላጩ አንድ ጣት ቢስት አርባ ሱሪ አብሮ ይበላሻል። በዚያ ሁሉ ዘመን የሳተችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ከነቀናቸው ታስታውሳለች። "ቆራጭ ብቻ ሳትሆን ቆራጥም ናት" ይላሉ አለቆቿ። ይህን ቀልድ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳትስቅ ሰምታዋለች።

ቤቷም እንደ ጠረጴዛዋ ነበር፤ ሁለት ክፍልና አንዲት ጠባብ ማድ ቤት። ማድ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አፈ ሰፊ የመስታወት ጠርሙሶች ተደርድረዋል፤ ጨው፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ምስር፣ ሻይ ቅጠል፣ ጫፍ ላይ ዘይት። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ሩብ ሲቀር በሩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ላይ ትጽፈዋለች። ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ነገር ወደዚያ ቤት አይገባም። ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ ስትወጣ ከቤቷ ሦስት ፌርማታ ቀድማ ትወርድና ጅምላ ገበያ ትገባለች። ሳትበላ ገበያ አትሄድም፤ አንድ ቀን ርቧት ገብታ ማንም የማይበላው ሁለት ኪሎ ብስኩት ተሸክማ መመለሷን አትረሳውም። መጀመሪያ ቦርሳዋን አጥፋ በብብቷ ይዛ አንድ ዙር ትዞራለች፣ ዋጋ ትሰማለች፣ ከማንም አትከራከርም። ነጋዴዎቹ ዕቃ ለመሰብሰብ መቻኮል ሲጀምሩ ሁለተኛውን ዙር ትዞራለች፣ ያኔ ነው ቦርሳው የሚዘረጋው። ቤት ስትደርስ ደግሞ ሩዙ ውሃውን ሊጨርስ ሲል እሳቱን ታጠፋና ክዳኑን ገጥማ ትተወዋለች፤ የቀረው በራሱ ሙቀት ይበስላል። የሳሙና ቁርጥራጭ በአሮጌ ካልሲ ተቋጥሮ ሌላ ሁለት ሳምንት ያጥባል።

በየሁለት እሑዱ ደግሞ ኮረብታ ትወጣለች። ይህንን ያዘዘቻት የፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ነበረች። "ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ነው የምትውዪው፤ እግርሽ መቆም ብቻ ሳይሆን መሄድም ይፈልጋል" ብላት ነበር። ከመጨረሻው ፌርማታ ባሻገር ዛፍ የለበሰ ኮረብታ አለ። እዚያ አብራት የምትሄደው ቁልፊት ነች፤ ሥራዋ ቁልፍ መትከል ስለሆነ ነው እንዲህ የሚሏት። ጉዞውም ደንብ አለው፤ ሁለት ሊትር ውሃ፣ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል፣ ዳቦ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ትርፍ ካልሲ፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ፊሽካ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ጫፍ ላይ ቢደርሱም ባይደርሱም ፊታቸውን ያዞራሉ።

ባሏ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አልነበረበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። በወር ሁለት ቀን ቤት ያድራል፣ ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይሄዳል። ሰፈሩ ሁሉ "ሾፌሩ" ነው የሚለው። ማዕድ ላይ ጨው ከፊቱ ተቀምጦ "ጨው የት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር። ባለፈው ዓመት ወገቡ እምቢ ሲለው ጡረታ ወጣና አንድ ሻንጣና አንድ የብረት የመሣሪያ ሣጥን ይዞ ለሁልጊዜው ቤት ገባ።

በመጀመሪያው ሳምንት ልርዳሽ ብሎ ነጩን አንሶላ ከጥቁር ቀሚስ ጋር ዘፈዘፈው። እትዬ መቀስ አልተቆጣችም። ግራጫ የሆነውን አንሶላ አሰጣችና "አንተ ስትለፋ ኖረሃል፤ አሁን እረፍ። እዚህ ቤት ምንም ነገር አትንካ" አለችው። በፍቅር ነው ያለችው። እሱም "እሺ" ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው።

መጀመሪያ ጨው ነበር። ማክሰኞ ማታ እራት ስትሠራ ጨው ሩብ መድረሱን አየችና ወረቀቱ ላይ ጻፈች። ሐሙስ ገዝታ መጥታ ልትገለብጥ ክዳኑን ስትከፍት ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። የገዛችውን ጨው በእጇ እንደያዘች ቆመች። ወረቀቱን አየችው፤ "ጨው" ይላል፣ የራሷ ጽሕፈት ነው። ምናልባት ባለፈው ሳምንት ገዝቼ ይሆናል፣ ገልብጬም ረስቼው ይሆናል ብላ የያዘችውን ከበስተኋላ አስቀመጠችው።

በሳምንቱ ምስር ሆነ። ከዚያ ሩዝ። ስኳሩ ደግሞ ከሁሉም ይብስ ነበር፤ ጧትና ማታ ሻይ እየተጠጣበት ንቅንቅ አይልም። ዕቃ ሲያልቅባት የተቸገረች ሴት ለሰው ትናገራለች፤ ዕቃ አላልቅ ያላት ሴት ምን ብላ ትናገር?

እትዬ መቀስ የሥራ ሰው ናትና በሥራ መንገድ ልትይዘው ፈለገች። ከፋብሪካ የልብስ ጠመኔ አመጣችና አንድ ማታ በየጠርሙሱ ላይ፣ ውስጥ ያለው ነገር እስከደረሰበት ድረስ፣ ቀጭን መስመር አሰመረች። ዘይቱ ላይም አሰመረች። በማግስቱ ጧት ለእንቁላል ዘይት ቀነሰች፤ መስመሩ ከዘይቱ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ቀረ። ዐይኗ አየው። ማታ ከሥራ ስትመለስ ዘይቱ መስመሩ ላይ ነው። ከመስመሩ በላይም በታችም አይደለም፤ ልክ መስመሩ ላይ። ሩዙም፣ ስኳሩም፣ ምስሩም እንደዚያው።

በርጩማ ስባ ተቀመጠች። ጧት እንቁላል መጥበሷን ራሷን ጠየቀች። መጥበሻው ታጥቦ ተሰቅሏል፤ እሱ ምንም አይነግራትም።

እዚህ ላይ የእናቷን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እናቷ በመጨረሻ ዘመኗ ዳቦ ትራስ ውስጥ ትደብቅ፣ ልጇን በእህቷ ስም ትጠራ ነበር። ሲጀምራት ግን እንዲህ አልነበረም። አንድ ዓይነት ክር ሁለት ጊዜ በመግዛት ነው የጀመራት። ያኔ ስድሳ አልሞላትም። እትዬ መቀስ አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው።

በምሳ ሰዓት ቁልፊት አጠገብ ተቀምጣ ነገሩን በሰው ስም አዞረችው።

"አንዲት ጎረቤት አለችኝ" አለች። "ዕቃዋ አላልቅ ብሏታል።"

"እንዴት አላልቅ?"

"ትጠቀማለች፣ አይጎድልም። ምልክት ብታደርግበትም አይጎድልም።"

ቁልፊት ዳቦዋን እያላመጠች ትንሽ አሰበች። "የታደለች ናት" አለች። "የኔ ቤት ምልክት ሳላደርግበትም ይጎድላል።"

"እኮ፤ ግን ምን ሆና ይመስልሻል?"

"እሷ ምን ትሆናለች፤ እኔ ነኝ እንጂ ጎረቤቷ ልሆን የሚገባኝ።"

እትዬ መቀስ ከዚያ በላይ አልገፋችበትም። ለባሏ ግን በፍጹም አልነገረችውም። እናቷን ራሷ እንዴት ባለ ዐይን ታያት እንደነበር ታውቃለች፤ በዚያ ዐይን መታየት አልፈለገችም። ደግሞ እሱም ማየት ጀምሯል መሰላት። መደርደሪያውን ስትከፍት ከወንበሩ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ጠርሙስ ስታነሳ ይመለከታታል፣ አንድ ነገር እንድትል የሚጠብቅ ይመስላል። ስትዞር ዐይኑን ወደ መስኮቱ ይመልሳል።

"ምን ስትሠራ ዋልክ?" ትለዋለች።

"ምንም። ተቀምጬ ዋልኩ።"

አውቆብኛል አለች በልቧ። ዝም ያለው ሊያስከፋኝ ስላልፈለገ ነው።

ከዚያ በኋላ በራሷ ላይ ጥበቃ አበዛች። በሩን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ ትሞክረዋለች። መቁረጫውን ከማስነሳቷ በፊት ንድፉን ሦስት ጊዜ ትለካለች፤ አለቃዋ "ዛሬ ደግሞ ምን ሆንሽ?" እስኪላት ድረስ። ኮረብታው ላይም መንገዱን በልቧ እያወቀችው፣ መንታ መንገድ ላይ በደረሰች ቁጥር ሦስት ድንጋይ ደራርባ በመጣችበት በኩል ማስቀመጥ ጀመረች። ስትመለስ ድንጋዮቹን ትከተላለች። ቁልፊት ጨዋታ መስሏት አብራት ታቀብላት ነበር።

አንድ እሑድ የቁልፊት ጉልበት አበጠና መሄድ አልቻለችም። እትዬ መቀስ ለብቻዋ ለመውጣት ፈራች፣ ለመቅረትም ፈራች። ስንቋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ውሃውን ስትቀዳ ሾፌሩ ከበሩ ላይ ቆሞ ያያታል።

"እኔ ልምጣ?" አለ።

"ወገብህስ?"

"ወገቤ መቀመጥ ነው የጠላው።"

ሄዱ። እሱ በእግሩ ተራራ ወጥቶ አያውቅም፤ ያለው ጫማም ለፍሬን የተሠራ እንጂ ለዳገት አይመስልም። ቢሆንም ቀስ እያለ ከኋላዋ መጣ። በየቦታው እየቆመ ቁልቁል ያያል፣ መንገዱ እንዴት እንደተሠራ ያጠናል። እሷ ከፊት ቀድማ መንታ ስትደርስ ሦስቱን ድንጋይ ትደረድርና ትቀጥላለች። በአንደኛውም፣ በሁለተኛውም፣ እስከ ስድስተኛው ድረስ። ጫፉ አጠገብ ሰባት ሰዓት ሞላ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ድንችና እንቁላላቸውን በሉ። ደስ የሚል ቀን ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጭንቀቷን የረሳችው ያን ሰዓት ነው።

ቁልቁል መውረድ ሲጀምሩ የመጀመሪያው መንታ ላይ ድንጋይ አልነበረም።

እትዬ መቀስ ቆመች። ቦታውን ዞር ብላ አየችው። ዛፉ ያው ነው፣ የወደቀው ግንድ ያው ነው። ግንድ ግን ብዙ ነው በዚያ ኮረብታ ላይ። ምናልባት ይህ ያ መንታ አይደለም ብላ በግምት ግራውን ይዛ ወረደች። የሚቀጥለውም መንታ ላይ ድንጋይ የለም። ሦስተኛው ላይ እንደዚያው። አሁን ዛፎቹም እንግዳ ሆኑባት። ጧት ድንጋይ ያነሳችበትን እጇን አየችው፤ አፈር እንኳ የለበትም፣ ለምሳ ታጥባዋለች። ድንጋዩን አስቀምጫለሁ ያለችው በልቧ ብቻ ቢሆንስ?

መሬት ላይ ተቀመጠች። ሾፌሩ ደርሶ አጠገቧ ቆመ።

"ደከመሽ?"

"እናቴን ታስታውሳታለህ?" አለችው።

"እንዴት አላስታውሳት።"

"እኔንም ጀምሮኛል።"

ምን እንደምትል አልገባውም። እሷ ግን አንዴ ከጀመረች ማቆም አቃታት። ጨውን ነገረችው፣ ስኳሩን ነገረችው፣ ስላሰመረችው መስመርና በማግስቱ መስመሩ ላይ ስላገኘችው ዘይት ነገረችው። "ድንጋይም አስቀምጬ ነበር" አለች። "በየመንታው ሦስት ሦስት። ወይም ያስቀመጥኩ መስሎኛል። አንዱም የለም። አየህ አንዱም የለም።"

ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። ፊቱ የጥፋተኛ ተማሪ ፊት መሰለ።

"ድንጋዩን እኔ ነኝ ያነሳሁት" አለ።

"ምን አልከኝ?"

"መንገድ ላይ ድንጋይ ነዋ። ተበላሽቶ የቆመ መኪና ድንጋይ ይደረድራል፣ ሲሄድ አያነሳውም፣ ከኋላ የሚመጣው ይገለበጣል። ስንት ጓደኛ ቀብሬበታለሁ። እኔ መንገድ ላይ ድንጋይ አይቼ አልፌ አላውቅም። አንድ የማይረባ ሰው እየደረደረ ሄዷል ብዬ ሳነሳ ነው የመጣሁት።"

"ከፊትህ የምሄደው እኔ ብቻ ነኝ።"

"አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ አላሰብኩም።"

እትዬ መቀስ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችው። ከዚያ በጣም በዝግታ "ጨውስ?" አለች።

ሾፌሩ ኮፍያውን በእጁ አዞረው፣ ደጋግሞ አዞረው።

"የመኪና ነዳጅ ከግማሽ በታች አይወርድም" አለ በመጨረሻ። "ሾፌር ግማሽ ሲደርስ ይሞላል፤ ቀጣዩ ማደያ ይኑር አይኑር አይታወቅም። አንቺ ሩብ እስኪደርስ ትጠብቂያለሽ። እኔ ደግሞ ተቀምጬ ሳየው ጭንቅ ይለኛል። አትንካ ብለሽኛል። ስለዚህ ሥራ ስትሄጂ ከጥጉ ሱቅ እየገዛሁ ሞላሁት።"

"ከጥጉ ሱቅ? ያ ሰውዬ በእጥፍ ነው የሚሸጠው።"

"ለዚህ ነው ያልነገርኩሽ።"

"መስመሩስ?"

"መስመሩን ሳይማ ደስ አለኝ። አውቃለች፣ እስከዚህ ሙላ እያለችኝ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ጠብታ አላሳለፍኩም። አንድ ቀን ጥሩ አደረግህ ትይኛለሽ ብዬ ስጠብቅ ነበር።"

ምን ይሰማት? ልትቆጣ ፈለገች፣ ቁጣው ግን መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ይለወጥባታል። ከላይዋ ላይ የወረደው ሸክም ትልቅ ስለነበረ ልታለቅስም ፈልጋ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ እሷ ያበደች መስሏት ስትሸበር እሱ በልኬት ሲቀዳ ነበር። ያየችው ያ ዐይን የሐዘን ዐይን ሳይሆን የምስጋና ልመና ኖሯል። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማሰብ አልቻለችም።

ከዚያ የቤቱን ቁልፍ ፈልጋ ከጫማ ውስጥ ያገኘችበት ጧት ትዝ አላትና ጠየቀች። "ባለፈው ሳምንት የቤቱን ቁልፍ ጫማ ውስጥ ያስቀመጥከውም አንተ ነህ?"

"ቁልፍ አልነካሁም" አለ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ቁልፉን እንኳ አላየሁትም።"

ሾፌሩ ውሃ ቀድቶ ሰጣትና ጠጣች።

መንገዱ ግን አሁንም ጠፍቷቸዋል። ሾፌሩ "ቁልቁል የሚወርድ ሁሉ አስፋልት ላይ ይደርሳል" ብሎ ፊት ፊት መራ። እውነትም አስፋልት ላይ ደረሱ፤ ግን በኮረብታው ማዶ፣ ጡብ የሚቃጠልበት ግቢ በር ላይ ነው የወጡት። ዘበኛው ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር።

"አባቴ፣ የአውቶቡስ ፌርማታው በየት ነው?" አለች እትዬ መቀስ።

"የትኛው?"

"የመጣንበት።"

ዘበኛው ሁለቱንም ከእግር እስከ ራስ አያቸው። "በየት እንደመጣችሁ እኔ ምን አውቃለሁ" አለ፤ ከዚያ አዘነላቸውና እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሸኛቸው። ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው ጀንበር ስትጠልቅ ቤት ገቡ።

ቤት እንደገቡ የመሣሪያ ሣጥኑን ከፈተላት። በመፍቻዎቹና በክሪኩ መሃል ጠርሙስ ያልበቃቸው ትርፎች በላስቲክ ተቋጥረው ተደርድረዋል፤ ግማሽ ጨው፣ ግማሽ ስኳር፣ ሩዝ፣ ሁለት ፓኬት ሻይ ቅጠል፣ በውሃ ጠርሙስ የተገለበጠ ዘይት። እትዬ መቀስ አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ስኳሩ የግሪስ ሽታ ይዟል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለአንድ ሳምንት ታወራበት ነበር፤ ያን ቀን ግን አሽትታ መለሰችው።

የቁልፉ ነገር ግን አላስቀመጣትም። ከቁልፊት ጋር ጤና ጣቢያ ሄደች፤ በመንገድ ላይ ጎረቤት የተባለችው ማን እንደሆነች ነገረቻት። ቁልፊትም "እኔ እኮ የሌላ ሰው ነገር መስሎኝ ነው የቀለድኩት" ብላ እጇን ያዘቻት። ሐኪሟ ቀኑን ጠየቀቻት፣ ሰዓት አስሣለቻት፣ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሰች ወደ ኋላ እንድትቆጥር አደረገቻት፤ በዚህኛው ሐኪሟ ራሷ ተሳስታ እትዬ መቀስ አረመቻት። አምስት ቃል ሰጥታት ቆይታ ስትጠይቃት አራቱን አለች። አምስተኛው ጠፋባት። ሐኪሟም "ለዕድሜሽ ደህና ነሽ፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ተመልሰሽ ነይ" አለቻት። "ደህና ነሽ" እና "ተመልሰሽ ነይ" እንዴት አብረው እንደሚሄዱ እትዬ መቀስ አልገባትም። አውቶቡስ ውስጥ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ "ምንጣፍ" አለች ጮክ ብላ፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ ሾፌሩ ጅምላ ገበያው በር ላይ ይጠብቃታል። የመጀመሪያ ቀን ባዶ እጅ መዞር የሚባለውን ነገር በደንብ አስረዳችው። እሱም "ገብቶኛል" ብሎ ገና ዙሩ ሳይጀመር ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት ገዛ። ሽንኩርቱን ጭኖ ከመጣው የመኪና ሾፌር ጋር ይተዋወቃሉ፣ ስለ አንድ ዳገት ሲያወሩ ቆዩ፣ በጨዋታ መሃል ዋጋው ወረደ። እትዬ መቀስ ሁለተኛውን ዙር ዞራ ስትጨርስ እሱ የገዛበት ዋጋ እሷ በዚያ ገበያ ሰምታው የማታውቀው ዝቅተኛ ዋጋ መሆኑን ተረዳች። ግማሽ ኩንታል ሽንኩርት ለሁለት ሰው ትርፍ ነው ወይስ ኪሳራ? እያሰበችበት ቤት ደረሱ፤ እስከ ዛሬም መልስ አላገኘችለትም።

ማድ ቤቱንም ለቀቀችለት፤ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም መደርደሪያውን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከቁልፊት ቤት ስትመለስ ለሻይ ውሃ ጥዳ ሁልጊዜ ስኳር ወደሚቀመጥበት እጇን ሰደደች። የያዘችው ኮምጣጤ ነው። ቀጥሎ ያለው ሻማ። ጨው አንድም ቦታ የለም።

"አንተ ሰው" አለች ወደ ግቢው። "ስኳሩ የት ገባ?"

"ጭነቱን አስተካክያለሁ" አለ ከውጭ። "ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ። እንደዚያ ካልሆነ በጠመዝማዛ ላይ ይገለበጣል።"

"መደርደሪያ ነው እኮ፤ የት ሊሄድ ነው?"

ሾፌሩ እጁን እየጠረገ መጥቶ ከታችኛው ሣንቃ፣ ከድንቹ ኋላ፣ ጠርሙሱን አወጣላት። ግማሽ ላይ ደርሷል። ሁለቱም አዩት፤ እሱ ወደ ጫማው አየ፣ እሷ ወደ በሩ ወረቀት።

"ሂድ በል" አለችው። "ግን ከጥጉ ሱቅ እንዳትገዛ።"

"ከየት ልግዛ ታዲያ? ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ሐሙስ ገና ነው።"

እትዬ መቀስ የሻይ ብርጭቆዎቹን በእጇ እንደያዘች ቆማ አሰበች። ውሃው መፍላት ጀምሯል።